ፈርጉሰን፦ ግራንድ ጁሪው የወሰነው ምንድን ነው? ያልወሰነውስ?

ሳባ_ዘሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። በሌላው ክር ላይ የፈርጉሰን ነገር (በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ፈርጉሰን ከተማ ፖሊሱ ዳረን ዊልሰን ማይክል ብራውን የሚባለውን ጥቁር ወጣት ገድሎ ግራንድ ጁሪ አልከስም ያለበት ጉዳይ) ተነሥቶ ክርክሩ በስድብ ተዘጋ። አንዱ «ፍርድ ቤት ነፃ አውጥቶታል» ይላል፤ ሌላው «ዳኛው አዳልቷል» ይላል። ኧረ ዳኛም አልፈረደ፣ ነፃ የወጣም የለ! እስቲ ነገሩን የምታውቁት አስረዱን። 60 ምስክር ተሰምቶ፣ የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ ተጋጭቶ ሳለ ጉዳዩ እንዴት ችሎት ሳይደርስ ቀረ? የተጋጨ ቃል ማመዛዘን የችሎት ሥራ አይደለም ወይ? ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉልን፤ እንዳንምታታ።

የችሎት_ሰው

ከመሠረቱ ልጀምር። ግራንድ ጁሪ አይፈርድም። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበለትን ማስረጃ አይቶ «ይህ ሰው ወንጀል ፈጽሟል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት አለ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው መልስ የሚሰጠው። አለ ካለ ክስ ይመሠረታል። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ የሚታየው ከዚያ በኋላ በሌላ ችሎት፣ በሌላ ጁሪ ፊት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ግራንድ ጁሪው ማስረጃ ሲሰማ ዳኛ አጠገቡ የለም፣ የተጠርጣሪው ጠበቃ አይከራከርም፣ የሟች ቤተሰብም ወኪል የለውም። ምስክሩን የሚመርጠውም፣ የሚጠይቀውም፣ ሕጉን የሚያስረዳውም ያው ዐቃቤ ሕጉ ነው።

በሴንት ሉዊስ ካውንቲው ጁሪ 12 ሰዎች ነበሩ፤ 9 ነጭ፣ 3 ጥቁር። ለመክሰስ 9 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 4 ሰው እንቢ ካለ ክሱ ቀረ ማለት ነው። ድምፁ ስንት ለስንት እንደነበረ ምስጢር ነው። «በአንድ ድምፅ ነው የወሰኑት» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ጁሪው ለዚህ ጉዳይ ተብሎ የተመረጠም አልነበረም። ማይክል ብራውን የተገደለው ኦገስት 9 ቀን 2014 ሲሆን፣ ሰዎቹ ከሜይ ጀምሮ የተለመደውን የካውንቲ መዝገብ ሲያዩ ቆይተዋል። በሴፕቴምበር ማብቃት የነበረበት ጊዜያቸው ተራዘመ። ከኦገስት 20 ጀምሮ 25 ቀን ተሰብስበው ከ70 ሰዓት በላይ ምስክር ሰሙ። ውሳኔው ኖቬምበር 24 ማታ ተነገረ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በተለመደው አሠራር አንድ መርማሪ ገብቶ ፍሬ ነገሩን ይናገራል፤ ዐቃቤ ሕጉ «በዚህ አንቀጽ ክሰሱ» ይላል፤ በደቂቃዎች ያልቃል። በ2010 የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ከያዙት 162,000 ገደማ ጉዳይ ውስጥ ግራንድ ጁሪ አንከስም ያለው በ11 ብቻ ነው። የኒው ዮርኩ ዋና ዳኛ ሶል ዋክትለር «ዐቃቤ ሕግ ከፈለገ ሃም ሳንድዊችም ያስከስሳል» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በፈርጉሰን ግን የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ማኩሎክ መሥሪያ ቤት ያለውን ሁሉ አቀረበና «በዚህ ክሰሱ» ሳይል ቀረ። ከአንደኛ ደረጃ ግድያ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ሐሳብ መግደል ድረስ አምስት አማራጭ ዘርግቶ ምረጡ አለ። ሕግ ላልተማሩ 12 ሰዎች ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

አንድ_ጥያቄ

የችሎት ሰው፣ ሁሉን ማቅረብ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? መርጦ ቢያቀርብ ደግሞ ደበቀ ትሉት ነበር። መጨረሻ ላይ እኮ የኦባማ ፍትሕ ሚኒስቴርም መዝገቡን እንደገና አይቶ ማርች 4 ቀን 2015 ባወጣው ዘገባ አልከሰሰም። ያንን ዘገባ ሳያነብ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ።

ዳረን ዊልሰን የተኮሰው 12 ጥይት ነው። ሁለቱ መኪናው አጠገብ፣ አሥሩ መንገዱ ላይ። በብራውን አውራ ጣት ቁስል ውስጥ የባሩድ ጥላሸት ተገኝቷል፤ እጁ ከሽጉጡ አፍ አጠገብ ነበር ማለት ነው። በዊልሰን የሸሚዝ ኮሌታ ላይ የብራውን ዲኤንኤ ተገኝቷል። ብራውን ከመኪናው ቢያንስ 180 ጫማ ሮጧል። አስፋልቱ ላይ ያለው የደም ጠብታ ደግሞ ከሮጠበት ቢያንስ 21.6 ጫማ ወደ ፖሊሱ መመለሱን ያሳያል። ከጀርባ የተመታ መሆኑን የአስከሬን ምርመራ አላረጋገጠም። «እጁን አንሥቶ ነበር» ያሉ ምስክሮች ነበሩ፤ ሚኒስቴሩ ግን ቃላቸው ከአካላዊው ማስረጃ ጋር ስለማይገጥም ወይም ራሳቸው ስለቀያየሩት ልደገፍበት አልችልም ብሏል። ታዲያ ችሎት ቢደርስስ ምን ሊሆን ነበር?

የችሎት_ሰው

ዘገባውን በትክክል ነው ያስቀመጥከው፤ በእሱ አልከራከርህም። ግን ሁለት ነገር አደባልቀሃል። የፌዴራሉ መለኪያ ሌላ ነው፤ የዜጋን መብት «ሆን ብሎ» መጣሱን ከጥርጣሬ በላይ አረጋግጣለሁ ወይ የሚል፣ ከፍ ያለ መለኪያ ነው። የካውንቲው ጁሪ መለኪያ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እኔ የያዝኩት ክርክር «ዊልሰን ጥፋተኛ ነው» የሚል አይደለም። ጁሪው የወሰነው የትኛውን ሕግ በእጁ ይዞ ነው? ያንን ነው የምጠይቀው።

የቃል ግልባጩ ውሳኔው በተነገረበት ማታ ስለተለቀቀ ማንም ሊያነበው ይችላል። ሺህ ገጽ የሚያልፍ ነው፤ ሁሉን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ሁለት ቀን ፈልጉ፦ ሴፕቴምበር 16 እና ኖቬምበር 21።

ሴፕቴምበር 16 ዊልሰን ራሱ የመሰከረበት ቀን ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ። እሱ ከመግባቱ በፊት ረዳት ዐቃቤ ሕጓ ለጁሪዎቹ አንድ ወረቀት አደለች። ወረቀቱ ላይ ያለው የሚዙሪ ሕግ አንቀጽ 563.046 ነው። በዚያ አንቀጽ መሠረት ፖሊስ አንድ ሰው ከባድ ወንጀል ፈጽሟል ብሎ በምክንያት ካመነና ለመያዝ አስፈላጊ ከሆነ፣ የሚሸሽን ሰው መግደል ይፈቀድለት ነበር። ችግሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በቴነሲ እና ጋርነር ጉዳይ ይህን ዓይነቱን ሕግ ሽሮታል። መሸሽ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሸሸው ሰው በፖሊሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ ያደርሳል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት መኖር አለበት። (ይህ ጋርነር በ1974 ሜምፊስ ላይ የተገደለው የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ በ2014 በኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ በፖሊስ ከተገደለው ኤሪክ ጋርነር ጋር አታምታቱት።) ሚዙሪ አንቀጹን እስከዚያ ድረስ ለ29 ዓመት ሳታርመው ኖራ ነበር።

ጁሪዎቹ ያንን ወረቀት ይዘው ከሁለት ወር በላይ ምስክር ሰሙ። ኖቬምበር 21 ላይ፣ ወደ ምክክር ሊገቡ ሲሉ፣ ዐቃቤ ሕጓ አዲስ ወረቀት ሰጥታ አሮጌውን ለሁለት እጠፉት፣ አትደገፉበት፣ ከፊሉ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ጋር አይሄድም አለቻቸው። የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን በግልጽ አላስረዳችም። አንድ ጁሪ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚዙሪን ሕግ ይሽራል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱ «አዎ፣ ይሽራል» የሚል አንድ ቃል ነበር። አላገኘውም፤ ስለዚያ አትጨነቁ፣ የሕግ ትምህርት ክፍል ውስጥ አንግባ ተብሎ ታለፈ።

አንድ ሰው መኪናው አጠገብ ስለሆነው ግብግብ ሲመሰክር፣ አሮጌውን ወረቀት የያዘ ጁሪ «ፖሊስ መምታት ከባድ ወንጀል ነው፤ ከዚያ ሸሸ፤ አበቃ» ብሎ ልቡን ዘግቶ ሊሰማ ይችላል። የቀሩት ምስክሮች ሁሉ በዚያ መነጽር ታይተዋል። በመጨረሻው ቀን ወረቀት ማጠፍ ይህን አይመልሰውም።

ነገረ_ማስረጃ

የወረቀቱ ነገር ብዙ ተብሎበታል፤ ስለ ማስረጃው አያያዝ ግን ብዙ ሰው አያወራም። እዚያው ግልባጭ ውስጥ ያለ ነው፦

ዊልሰን ከቦታው ብቻውን መኪና ነድቶ ወደ ጣቢያ ተመለሰ። እጁ ላይ የነበረውን ደም ፎቶ ሳይነሣ ታጠበ። ጥይቱን ራሱ አውጥቶ ሽጉጡን ራሱ የማስረጃ ከረጢት ውስጥ ከተተ። ቦታው ላይ ከአለቃው ጋር ያደረገው የመጀመሪያ ንግግር አልተቀዳም፣ ማስታወሻም አልተያዘበትም። ከአስከሬን መርማሪው ቢሮ የመጣው ባለሙያ ፎቶ አላነሣም፤ የካሜራው ባትሪ አልቆ ነበር። ርቀትም አልለካም። አስከሬኑ መንገድ ላይ አራት ሰዓት ገደማ ቆየ።

ከዚህ ውስጥ አንዱም ብቻውን ጉዳዩን አይገለብጥም። ግን መስቀለኛ ጥያቄ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለዚህ ነበር። ችሎት ላይ ቢሆን ከሳሽ ወገን እጁን ለምን ታጠብክ፣ ማን ፈቀደልህ፣ ሽጉጡን ማን አየው እያለ አንድ ቀን ሙሉ ይይዘው ነበር። ግልባጩን የሚያነብ ሰው የሚያየው፣ ዊልሰን ላይ ጥያቄው ለስለስ ብሎ፣ እሱን የሚቃወም ቃል የሰጡት ላይ ግን ጠንከር ብሎ መሄዱን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ምስክር 40» የምትባለው አለች። የዊልሰንን ታሪክ የሚደግፍ ቃል ሰጠች። ማኩሎክ ራሱ በኋላ በሬዲዮ ሴትዮዋ ቦታው ላይ እንዳልነበረች ግልጽ ነው ብሏል። ታዲያ ለምን ጁሪ ፊት አቀረብካት? መልሱ «አየሁ ያለን ሁሉ አቀርባለሁ ብዬ ነበር» ነው። ሁሉን ማቅረብ ጥሩ ነው ያልከው አንድ_ጥያቄ፣ ወንድሜ፣ ውሸት መሆኑን እያወቁ ማቅረብም «ሁሉን» ውስጥ ይገባል?

አንድ_ጥያቄ

እሱስ አይገባም። ምስክር 40ን ማቅረብ ስሕተት ነው፤ የ563.046 ወረቀትም እንደዚሁ። ያም ሆኖ የደም ጠብታውንና የባሩድ ጥላሸቱን ወረቀት አይቀይራቸውም።

ሸገር_ጠበቃ

አዲስ አበባ ሆነን ለምናነብ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ ግራንድ ጁሪ የለም፤ የመክሰስ ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ ነው። በ1954 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1961) በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከባድ ግድያና ከባድ ውንብድና ላይ «ቀዳሚ ምርመራ» የሚባል አለ። ዳኛ ፊት የምስክር ቃል ተመዝግቦ ይያዛል። ለሰሚው ተመሳሳይ ይመስላል፤ ልዩነቱ ዳኛው መኖሩ ነው። ከዚያም አልፎ ዐቃቤ ሕጋችን አልከስም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። አሜሪካ ላይ ጁሪው አንድም ቃል ምክንያት አይሰጥም። ክስ የለም፣ አለቀ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይኼ ነው።

ጥያቄዬ፦ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ መክሰስ አይችልም ነበር? ወይስ የግድ በጁሪ ማለፍ አለበት?

የችሎት_ሰው

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ቁልፍ ነው። በፌዴራል ደረጃ ከባድ ወንጀል የግድ በግራንድ ጁሪ ያልፋል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛው ማሻሻያ ያዛል። ክፍለ ግዛቶችን ግን ያ አያስገድዳቸውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ከ1884 ጀምሮ ወስኗል። ሚዙሪ ላይ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ክስ አዘጋጅቶ ዳኛ ፊት ለቀዳሚ ምርመራ ማቅረብ ይችል ነበር። እርስዎ ከጠቀሱት ብዙም አይርቅም፤ ክፍት ችሎት ነው፣ ጠበቃ አለ፣ መስቀለኛ ጥያቄ አለ። ማኩሎክ ያንን በር ትቶ የተዘጋውን መረጠ።

ምክንያቱን ሰው በየፊናው ይተነትናል። አባቱ ፖሊስ ሆኖ በ1964 በሥራ ላይ እንደተገደለ የታወቀ ነው፤ በዚህ የተነሣ ከጉዳዩ እንዲነሣ ተጠይቆ እንቢ አለ። ገዥው ጄይ ኒክሰንም ልዩ ዐቃቤ ሕግ አልሾሙም። የአባቱን ነገር ብንተወው እንኳ፣ የካውንቲ ዐቃቤ ሕግ በየቀኑ ምስክር የሚያደርገው እነዚያኑ ፖሊሶች ነው። ነገ ለሌላ መዝገብ የሚፈልጋቸውን ሰዎች ዛሬ ክሰስ ሲባል እጁ ይከብደዋል።

ሉዊቪል_ተከታታይ

የብሪዮና ቴይለር ጉዳይ ለዚህ ክር ከፈርጉሰን ይልቅ ያስተምራል ባይ ነኝ። ፈርጉሰን ላይ ዐቃቤ ሕጉ ሁሉን አቅርቦ በማስረጃ አጥለቀለቃቸው፤ ኬንታኪ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ።

ቴይለር በሉዊቪል፣ ኬንታኪ በቤቷ ውስጥ በፖሊስ ጥይት የተገደለችው ማርች 13 ቀን 2020 ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የያዘው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዳንኤል ካሜሮን ነበር። ሴፕቴምበር 23 ጁሪው አንድ ፖሊስ፣ ብሬት ሃንኪሰንን፣ ጥይቱ ወደ ጎረቤት ቤት ስለገባ ሌላን ሰው ለአደጋ በማጋለጥ በሦስት ክስ ከሰሰ። በእሷ ሞት ማንም አልተከሰሰም። ካሜሮን በመግለጫው ሁለቱ ሌሎች ፖሊሶች መተኮሳቸው ተገቢ እንደነበር ጁሪው ተስማምቷል አለ።

ከዚያ አንድ የጁሪው አባል ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛዋ እንዲናገሩ ስትፈቅድ የወጣው ነገር፦ የግድያ ክስ ጭራሽ ለምርጫ አልቀረበላቸውም። ሲጠይቁም ዐቃብያነ ሕጉ እንደማያዋጣ ነገሯቸው። ያልተጠየቁትን ጥያቄ «ተስማምተውበታል» ማለት እንግዲህ ምን ይባላል? ወደ 15 ሰዓት የሚጠጋ የድምፅ ቅጂ ተለቀቀ፤ ዐቃቤ ሕጉ ክስ ሲያቀርብ የተናገረው ክፍል ግን ስላልተቀዳ የለበትም። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነበር።

ሃንኪሰን በ2022 በክፍለ ግዛቱ ችሎት ነፃ ወጣ። በኖቬምበር 2024 የፌዴራል ችሎት የቴይለርን መብት በመጣስ ጥፋተኛ አለው።

ሳባ_ዘሲልቨርስፕሪንግ

የሉዊቪሉ ሰው መናገር ከተፈቀደለት የፈርጉሰኑ ጁሪ ለምን ዝም አለ?

ነገረ_ማስረጃ

ዝም አላለም፣ ዝም አሰኙት እንጂ። በጃንዋሪ 2015 አንድ የጁሪው አባል ስሙን ሳይገልጽ ማኩሎክን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ማኩሎክ በመግለጫው ያስመሰለው የእኔን አመለካከት አይወክልም፣ ምስክሩ የቀረበበትና ሕጉ የተብራራበት መንገድ ከሌሎቹ ጉዳዮች የተለየ ነበር፣ ይህን በአደባባይ ልናገር አለ። አልተፈቀደለትም። በሚዙሪ ሕግ የግራንድ ጁሪ ምስጢር ያወጣ አባል በቀላል ወንጀል ይከሰሳል፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት አለው። ዐቃቤ ሕጉ ግን በቴሌቪዥን ቆሞ ስለዚያው ጉዳይ ረጅም መግለጫ ሰጥቷል።

እንኮዬ_ከናታንያ

እስራኤል ያለን ደግሞ በሌላ በኩል ነው የተቸገርነው። የእኛው ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ሰለሞን ተካ በጁን 30 ቀን 2019 ኪርያት ሐይም ላይ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ሲገደል መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። እዚህ ጁሪ የሚባል ነገር ጭራሹን የለም፤ ፖሊስን የሚመረምረው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ማሐሽ ነው። ክሱ በቸልተኝነት መግደል ሆነ። ክስ መመሥረቱ ብቻውን እፎይ አያሰኝም፤ የትኛው አንቀጽ ነው የሚለው ላይ ነው ነገሩ የሚያልቀው።

የችሎት_ሰው

እንኮዬ ያለችው አሜሪካም ላይ ያው ነው። ማሻሻያ የተባሉትን በፍጥነት ልንካ።

ኒው ዮርክ፦ የኤሪክ ጋርነር ጁሪ ዘጠኝ ሳምንት ተቀምጦ 50 ምስክር ሰምቶ በዲሴምበር 2014 አልከሰሰም። ከፈርጉሰን በተለየ ግልባጩ ተዘግቶ ቀረ። በጁላይ 2015 ገዥው ኩሞ ያልታጠቀ ሰው በፖሊስ ሲገደል ጉዳዩን የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይያዘው የሚል ትእዛዝ አወጣ። ያም ሆኖ ሮቸስተር ላይ ፖሊሶች ከያዙት በኋላ በሞተው በዳንኤል ፕሩድ ጉዳይ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ አቅርቦ ጁሪው በ2021 አልከሰሰም። ከሳሹን መቀየር ውጤቱን አያስተማምንም፤ የጥቅም ግጭቱን ግን ይቀንሳል።

ካሊፎርኒያ በ2015 በፖሊስ ግድያ ላይ ግራንድ ጁሪን ጨርሶ ከለከለች። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 ሕጉ ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው።

ሜሪላንድ፣ ሳባ አንቺ ያለሽበት፣ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የመክሰሱ ሥልጣን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሦስቱ የተሻለው ይኼ ነው።

ደጀን_አርሊንግተን

እዚህ አካባቢ ብዙ ሐበሻ ዜግነት ወስዷል፤ የግራንድ ጁሪ መጥሪያ ቤቱ ሲመጣ «ቲኬት ነው» ብሎ የሚጥለው አለ። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢደርሰው ማድረግ የሚችለውን ብትነግሩን?

የችሎት_ሰው

ቁጥሩ እንደ ቦታው ይለያያል። ቨርጂንያ ላይ መደበኛው ጁሪ ከ5 እስከ 7 ሰው ነው፤ ቢያንስ 4ቱ መስማማት አለባቸው። ሜሪላንድና ዲሲ 23 ሆኖ 12 ድምፅ ነው። ስለዚህ ቨርጂንያ ላይ የአንድ ሰው ድምፅ ብዙ ይመዝናል። መጥሪያውን መጣል ግን ዳኛ ፊት ያስቀርባል።

ገብቶ የተቀመጠ ሰው ምስክር መጠየቅ ይችላል፤ በብዙ ቦታ ጥያቄው በዐቃቤ ሕጉ በኩል ያልፋል። ያልቀረበ ምስክር ወይም ሰነድ ይጠራልን ማለት ይቻላል። ሕጉን በጽሑፍ ስጡን ማለትም ይቻላል፤ ሲሰጣችሁ «ይህ አንቀጽ እንደተጻፈ ነው የሚሠራው ወይስ ፍርድ ቤት ያሻሻለው አለ?» በሉ። ከሴንት ሉዊስ የሚወሰድ አንድ ጥያቄ ቢኖር ይኼ ነው። የቀረቡት የክስ አማራጮች እነማን እንደሆኑ፣ ያልቀረበ ካለም ለምን እንዳልቀረበ ጠይቁ። የሕግ ክርክር ቢነሣ ዳኛ ዘንድ ተወስዶ መልስ ይሰጥበት ማለትም ይቻላል። ማስታወሻ ያዙ፤ ግን እዚያው ትታችሁት ነው የምትወጡት፤ ቤት ገብታችሁም ለሚስት ለባል ማውራት የለም።

ምስክር ሆኖ የሚጠራ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ጠበቃው በአብዛኛው ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ ወጥቶ ማማከር ግን ይቻላል። እንግሊዝኛው የማይመቸው አስተርጓሚ አስቀድሞ ይጠይቅ። ግልባጩ ላይ የሚጻፈው አስተርጓሚው ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የተሳሳተ ነገር ከሰማችሁ እዚያው፣ ያኔውኑ ይታረም በሉ።

አንድ_ጥያቄ

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጁሪው አልከስም ካለ በኋላ በሩ ለዘላለም ተዘግቷል ማለት ነው?

የችሎት_ሰው

አልተዘጋም። ማንም ችሎት ፊት ስላልቀረበ «ሁለት ጊዜ አይከሰስም» የሚለው ጥበቃ ገና አይነሣም፤ ለሌላ ጁሪ ማቅረብ ይቻላል፣ ግድያም በይርጋ አይታገድም። ተሞክሯልም። ማኩሎክ ከ1991 ጀምሮ የያዘውን ወንበር በ2018 በምርጫ በዌስሊ ቤል ተነጠቀ። ቤል መዝገቡን እንደገና አስመርምሮ በጁላይ 2020 ግድያንም ሆነ ያለ ሐሳብ መግደልን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አልችልም ብሎ ክስ አልመሠረተም። በፍትሐ ብሔሩ በኩል የፈርጉሰን ከተማ ከቤተሰቡ ጋር በ2017 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምታለች። ቤል ያለው መለኪያ የችሎቱ ነው፣ የግራንድ ጁሪው አይደለም፤ ስለዚህ የሳባ ጥያቄ አሁንም እንዳለ ነው። ትክክለኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ተሰጥቷቸው፣ ምስክር 40 ሳትገባ፣ 9ኙ ድምፅ ይገኝ ነበር ወይ? ለዚህ ግማሽ መልስ ሊሰጡ የሚችሉት እነዚያ 12 ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ሕጉ አፋቸውን ይዟል።

ሳባ_ዘሲልቨርስፕሪንግ

እግዜር ይስጥልኝ። የኖቬምበር 21ኛውን ግልባጭ ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።

አወያይ

ክሩ ክፍት ነው። የሟች ቤተሰብን የሚነካ አስተያየት ሁለት አጥፍቻለሁ፤ ሦስተኛው ካለ አካውንቱ ይዘጋል።